ስለ ተግባረ እድ ትምህርትና ስለ ጥቅሙ

የሰው ዕውቀት በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው በዓይን አንብቦ በልብ አጥንቶ የሚገኘው የቀለም ትምህርት ነው። ሁለተኛው እጅ ከአእምሮ ጋራ ተባብሮ ሲሠራ የሚገኘው የተግባር ትምህርት ነው። ይህ ሁለተኛው ተግባረ እድ ይባላል፤ ቃሉ ግዕዝ ሲሆን ትርጓሜው የእጅ ሥራ ማለት ነው።

ብዙ ወላጆች የመጀመሪያው መንገድ ለብልህ ልጅ፥ ሁለተኛው ግን ለደካማ ልጅ የተመደበ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ልጃቸው በፈተና ያሰቡትን ነጥብ ባጣ ጊዜ፥ እንደ መጨረሻ መጠጊያ አድርገው፥ «እንግዲህ ሙያ ይማር» ይላሉ። ልጁም ይህን ቃል በሰማ ጊዜ እንደ ተፈረደበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ቤት ይገባል። አንገቱን ደፍቶ የገባም ሥራውን በደስታ አይማረውም። ነገር ግን ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው እንጂ አንዱ ለሌላው ውዳቂ መጣያ አይደለም። ይህም እውነት መሆኑ፥ ከዚህ ቀጥሎ ስለ ቀድሞው ዘመንና በአዲስ አበባ መካከል ስላሉት የሙያ ትምህርት ቤቶች በሚነገረው ይታወቃል።

በቀድሞው ትምህርት ቤት የቁም ጽሕፈት ተማሪ ፊደል ከመጻፉ አስቀድሞ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነክሮ፥ ወጥሮና ፍቆ ብራና ማውጣትን ይማር ነበር። ቀለሙን ከጥላሸት ይበጠብጣል፤ ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል፤ መስመሩን በወስፌ ያሰምራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ የመምህሩን እጅ እያየ ፊደል ይጥላል። ያበላሸውን እየፋቀ እንደ ገና ይጽፋል፤ አንድ ዳዊት ለመፈጸምም ወራት ይፈጅበታል። ይህ የእጅ ሥራ ነው ወይስ የቀለም ትምህርት? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ሁለቱም ነው የሚል ይሆናል። የማያነብ ሰው ጸሐፊ ሊሆን አይችልምና፤ ብራና መፋቅን የማያውቅም እንዲሁ። እንግዲህ የእጅና የልብ ትምህርት በአንድ ቤት መኖሩ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ሲከበር፥ ሌላው ባለ እጅ ይናቅ ነበር። የማረሻውን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸማውን የሚሠራው፥ እንስራውን የምታበጀው፥ ቆዳውን የሚፍቀው ሁሉ፥ ሕዝቡ በሥራቸው እየተጠቀመ በስማቸው ይሳደብ ነበር። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ዳሩ ግን ማረሻውን የሠራለትን ሰው ከማዕዱ አያቀርበውም ነበር። ከዚህ የተነሣ ብልህ ልጅ ያለው ሰው ልጁን ወደ እጅ ሥራ አይሰድም፤ ጥበቡም በጥቂት ቤተ ሰብ ተወስኖ ሳይሰፋና ሳይሻሻል ቀረ።

የዚህን ጉዳት ያስተዋሉ ነገሥታት ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆችን ሰብስበው፥ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከእነርሱ ጋራ እየሠሩ ጥበቡን እንዲማሩ አድርገዋል። ሴባስቶፖል የተባለውም መድፍ የተቀለጠው በዚያ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን ፈጥኖ አይለውጥም። ልብን የሚለውጠው ትምህርት ነው፤ ስለዚህም ትምህርት ቤቱ ራሱ ሙያን እንዲያስተምር አስፈላጊ ሆነ።

የኢጣልያ ጦር በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ከአዲስ አበባ በወጣ ጊዜ፥ አገሪቱ ሥራ የሚያውቅ ሰው እጅግ ቸግሯት ነበር። ጥቂት ከነበሩት የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ በወረራው ዘመን ተገድለዋል። መኪናውን የሚያድስ፥ መብራቱን የሚዘረጋ፥ ሒሳቡን የሚይዝ፥ ደብዳቤውን በመኪና የሚጽፍ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለግ ነበር። ስለዚህ በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት፥ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈቱ። በፊተኛው ወጣቶች የብረት፥ የእንጨት፥ የኤሌክትሪክና የመኪና ሥራ ተማሩ፤ በሁለተኛው የሒሳብ አያያዝና የጽሕፈት ሥራ ተማሩ። ተግባረ እድ ዛሬ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሚገኝ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱም አድጎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኗል። በእጅ ሥራና በጽሕፈት ሥራ የተጀመረው ትምህርት እስከ ዩኒቨርሲቲ መድረሱ፥ የሙያ መንገድ መጨረሻው የተዘጋ አለመሆኑን ያስረዳል።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወደ ምሥራቅ ሲኬድ የቂርቆስና የካዛንቺስ ሰፈሮች ይገኛሉ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። በወረራው ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ድርጅት ነበረ፤ በኢጣልያ ቋንቋ «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ነውና፥ «ካዜ ኢንቺስ» ይባል የነበረውን የአገሩ ሰው ካዛንቺስ አለው። በየጋራዡና በየብረታ ብረቱ ቤትም እንደዚሁ ብዙ የኢጣልያ ቃል ቀርቷል። ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ብሎን፥ ቶርኖ፥ ላሜራ የሚባሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ብዙ ሰው ሥራውን ከውጭ አገር ሰዎች አጠገብ ቆሞ፥ የመሣሪያውን ስም እንደ ሰማው እየያዘ በዓይኑ ተማረ። ይህ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ዓይን «እንዴት» የሚለውን ያስተምራል እንጂ «ስለ ምን» የሚለውን አያስተምርም፤ እርሱን የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ነው።

ከተማው ባደገ ቁጥር በዚሁ አካባቢ የሠራተኛ ፍላጎት በዛ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከካዛንቺስ አጠገብ ተመረቀ፤ ከዚያም በኋላ ታላላቅ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ተሠሩ። እንዲህ ያለ ሕንፃ በመሐንዲስ ብቻ አይቆምም። ግንበኛ፥ ብረት አሳሪ፥ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ፥ መስታወት ገጣሚ፥ ኤሌክትሪክ ዘርጊ ያስፈልገዋል። ከተሠራ በኋላም ምግብ አብሳይ፥ እንግዳ ተቀባይ፥ ሒሳብ ያዥ፥ የአሳንሰር ጠጋኝ ይሻል። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ሥራው ይሰናከላል።

መንግሥትም የሙያ ትምህርትን ለማስፋት በልዩ ልዩ ጊዜ ሥርዓት አውጥቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሁለገብ በተባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ፥ የንግድ ሥራ፥ የእርሻና የቤት አያያዝ ትምህርት ከቀለሙ ጋራ ይሰጥ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለሙያ ሥልጠና የተለየ መንገድ አወጣ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሥልጠናው በተቈጠረ ዓመት ሳይሆን ሠልጣኙ ሊሠራ በሚችለው ሥራ እንዲለካ ተወሰነ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም የዚህ ሥልጠና ኃላፊነት ወደ እርሱ ተላለፈ።

የሥልጠናው አካሄድ በምሳሌ ቢገለጽ ይሻላል። አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሊማር ገባ እንበል። በመጀመሪያ ከመምህሩ ዘንድ ኤሌክትሪክ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚለካ ይማራል። ቀጥሎ በትምህርት ቤቱ የሥራ ክፍል በሰሌዳ ላይ ሽቦ ይዘረጋል፤ ማብሪያና ማጥፊያ ይገጥማል፤ ይፈታል፤ እንደ ገና ይገጥማል። ከዚህ በኋላ ወደ እውነተኛ ሥራ፥ ማለት ወደ ሕንፃ ሥራ ወይም ወደ ፋብሪካ፥ ተልኮ ከነባር ሠራተኛ ጋራ ይሠራል። ይህ የትብብር ሥልጠና ይባላል። በሥርዓቱ መሠረት ከሥልጠናው ከመቶ 70 እጅ የሚሆነው በተግባር፥ 30 እጅ የሚሆነው በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ታስቧል።

የቀለሙ ትምህርት ለዚህ ወጣት ምን ይጠቅመዋል? ቢባል፥ በቂርቆስ ወይም በሌላ ሰፈር በአንድ ቤት ውስጥ ያለ የእንጀራ ምጣድ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል። በቤት ያለው ኤሌክትሪክ ግፊቱ 220 ቮልት ነው። 3,500 ለ220 ሲካፈል 16 ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ በምጣዱ ሽቦ 16 አምፔር ያህል ይፈስሳል ማለት ነው። ለአምፑል የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ ግን ይህን ሸክም ዘወትር እንዲሸከም አይገባውም፤ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ቤቱም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ለምጣዱ ወፈር ያለ ሽቦ ለብቻው ይዘረጋል፤ ሸክሙ ሲበዛ የሚቈርጥ መቈጣጠሪያም ያደርግለታል። ደግሞም ከምጣዱ ብረት ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ያስራል፤ ይኸውም ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ቢያመልጥ በምትጋግረው ሴት አካል ሳይሆን በሽቦው ወደ መሬት እንዲወርድ ነው።

እንግዲህ በመንደር ትምህርት ቤት ማካፈልን በሚገባ ያልተማረ ልጅ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ማካፈልን የሚያውቅ ነገር ግን ፒንሳ ያልያዘ ሰውም ሽቦውን ሊያስር አይችልም። የእናቲቱ ሕይወትና የቤቱ ደኅንነት በሁለቱ ዕውቀት መገናኘት ላይ ቆሟል። ሙያ የደካማ ልጅ ድርሻ ነው የሚል ሰው፥ ቤቱን ለደካማ እጅ አደራ ሊሰጥ ይወዳልን?

ወጣቱ ሥልጠናውን በፈጸመ ጊዜ ያስተማረው መምህር ብቻ «በቅቷል» ቢል አይበቃም። ወደ ሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባሉ መዛኞች ፊት በቃልና በተግባር ይፈተናል። በተግባሩ ምዘና አንደኛ፥ ሁለተኛ የሚባል ተራ የለም። «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል እንጂ። «ገና» የሚለውን ቃል ማስተዋል ይገባል፤ ያልሆነለት ሰው የጐደለውን ተምሮ እንደ ገና ይቀርባልና፥ ደጁ አይዘጋበትም። ደረጃውም ከ1 ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ በዝቅተኛው ደረጃ የታዘዘውን ይሠራል፥ ከፍ ሲል ሥራውን ራሱ ያቅዳል፥ ሌሎችንም ይመራል። ከዚያም አልፎ የሙያ መምህራን የሚሠለጥኑበትና የዲግሪ ትምህርት የሚሰጥበት ከፍተኛ ተቋም በአዲስ አበባ አለ።

በዚህ ነገር ስሙ የተነሣ አገር ጀርመን ነው። በዚያ አገር ወጣቱ በሳምንት ጥቂቱን ቀን በትምህርት ቤት፥ የሚበዛውን ቀን በሥራ ቦታ ሆኖ፥ እንደ ሙያው ዓይነት ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይማራል። በሚማርበትም ጊዜ አሠሪው አበል ይከፍለዋል። ሥርዓቱ ከጥንት የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር የወረደ ሲሆን በ1961 ዓ.ም. በአንድ ሕግ ተጠቃለለ። የኢትዮጵያም የትብብር ሥልጠና ከዚህ ሥርዓት ብዙ ወስዷል። ነገር ግን ከጀርመን ሊወሰድ የሚገባው ዋናው ነገር አንድ ነው፤ በዚያ አገር አሠሪው ሠልጣኙን የሚቀበለው ለመንግሥት ውለታ ሊሠራ ሳይሆን ነገ የሚያስፈልገውን ሠራተኛ ዛሬ ሊያሳድግ ነው።

ይህ በማይታሰብበት ቦታ ሥልጠናው ይበላሻል። ሠልጣኝ ወደ ሥራ ቦታ ተልኮ ዕቃ ሲያነሣና ሲጥል፥ ሻይ ሲያመላልስ ወራቱ ቢያልቅ፥ በወረቀት ሠለጠነ ይባላል እንጂ በእጁ የያዘው ነገር የለም። የሥራ ክፍሉ መሣሪያ የሌለው ከሆነም፥ አንዱን መሣሪያ አርባ ልጆች ቢከቡት፥ አንዱ ሲሠራ ሠላሳ ዘጠኙ ተመልካች ይሆናሉ። ልጁ ዝንባሌው ሳይጠየቅ ቦታ ስለ ተገኘ ብቻ በማይወደው ሙያ ቢመደብ ደግሞ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ከሥራው ይሸሻል። በ1950ዎቹ የተጀመረው የሁለገብ ትምህርት እንደ ታሰበው ያልሰፋውም ተማሪውና ወላጁ ዓይናቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አቅንተው፥ የሙያውን ክፍል እንደ ሁለተኛ አድርገው ስላዩት ጭምር ነው።

ዛሬ ይህ አስተያየት ሊለወጥ የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ ቊጥር ይናገራል። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ጥቂቶቹ በማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ቢደረግም፥ የሚበዙት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ወጣት ከመቶው ዘጠና አምስቱ «ወደቀ» ተብሎ ቢቀመጥ የወደቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሰቡና አገሩም አብረውት ይወድቃሉ። የሙያ መንገድ ከፈተናው በኋላ የሚፈለግ መሸሸጊያ ሳይሆን ከፈተናው በፊት በፈቃድ የሚመረጥ ቢሆን ግን፥ ይህ ሁሉ ወጣት በጊዜው ቦታውን በያዘ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሥራና የቴክኒክ ትምህርት እንዲሰጥ የታዘዘውም ልጁ ዝንባሌውን አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

የሙያን ጽናት ካዛንቺስ ራሱ አሳይቷል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማት ሲባል የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ በዚያ ይኖር የነበረው ሕዝብም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ። የቤቱ ግድግዳ ፈረሰ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለየ፤ ደንበኛ የለመደው ሱቅ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቦታው ብቻ ይኖር የነበረ ሰው ኑሮውን እንደ አዲስ መጀመር ግድ ይሆንበታል። በእጁ ሙያ ያለው ሰውም ያዝናል፥ ይቸገራል፤ ደንበኛ እስኪያገኝ ድረስም ይደክማል። ዳሩ ግን አናጢው መጋዙን፥ ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን፥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፒንሳውን ይዞ በሄደበት አዲስ ሰፈር ሁሉ በር የሚገጠምለት፥ ልብስ የሚሰፋለት፥ መብራት የሚገባለት ሰው ይኖራል። ቤት ይፈርሳል፤ ሰፈርም ይለወጣል፤ በእጅ የገባ ሙያ ግን በማናቸውም አፍራሽ መኪና አይፈርስም።

ይህ ነገር ለከተማ ልጅ ብቻ የተነገረ አይደለም። በገጠር ያለ መምህር መሣሪያ የሞላበት የሥራ ክፍል ባይኖረውም፥ የሙያን መሠረት ሊያስተምር ይችላል። ለምሳሌ አንድ ገመድ ወስዶ በ12 እኩል ክፍል በቋጠሮ ይለየው። ገመዱን ዙሪያውን ገጥሞ በሦስት ችካል 3፥ 4ና 5 ክፍል ያላቸው ጐኖች እንዲሆኑ ይወጥረው። በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥተኛ ይሆናል። ግንበኛ የቤት መሠረት የሚያወጣው በዚሁ ጥበብ ነው። ልጆቹ ይህን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በእጃቸው ቢሠሩት፥ ሒሳብ ለፈተና ብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን ያውቃሉ። ከመካከላቸውም ገመዱን አስተካክሎ የሚወጥረውን፥ ደጋግሞ የሚለካውን፥ ሌላውን የሚያርመውን ልጅ መምህሩ ያስተውለው፤ የወደ ፊት ባለሙያ እርሱ ነውና። ይህንም ሲያደርግ ሴቶቹን ልጆች ወደ ኋላ አያስቀራቸው፤ የምጣዱ እሳት የሚያገኛት ሴት ሽቦውን ልታውቅ ይገባታልና።

ወላጅም ልጁ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲነሣ ሦስት ነገር ይጠይቅ። መጀመሪያ ልጁ ሥራውን ይወድ እንደ ሆነ ልጁን ይጠይቅ። ሁለተኛ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ወደ እውነተኛ የሥራ ቦታ ይልክ እንደ ሆነ፥ በዚያም ምን እንደሚሠሩ ይመርምር። ሦስተኛ ተምረው ከወጡት ምን ያህሉ በምዘናው ብቁ እንደ ተባሉ ይወቅ። እነዚህን ሳይጠይቅ ልጁን የሚልክ ወላጅ በሬውን ሳያይ እንደሚገዛ ገበሬ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ወላጅ አፉን ይጠብቅ። «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» እንደ ተባለ፥ የሠራ ሰው የሥራውን ፍሬ ያገኛል። ልጁ በመጀመሪያው ወር ያበጀውን ጠማማ በርጩማ ይዞ ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው» ብሎ ከመሳቅ ይልቅ በላዩ ቢቀመጥበት ይሻላል። በዚያች ቀን የተቀመጠበት በርጩማ ነገ ቀጥ ብሎ ለሚቆመው ቤት መሠረት ይሆናልና።